የጄኔራሉ የሥራ ዘመን በየትኛው ሕግ ተወሰነ? ስለ ወታደራዊ ጡረታና ስለ ፍርድ ቤቶች ሥልጣን

ጥቁር ካባ

በወታደራዊ ሕግ ላይ ስንወያይ ማን ማንን እንደሚሾም አብዝተን እናነሣለን፤ ሹመቱ በምን ሕግ እንደሚያበቃ ግን እምብዛም አንጠይቅም። ይህን ክር የከፈትኩት ይህንኑ ጥያቄ ፊት ለፊት የጠየቀ ፍርድ ቤት ስላለ ነው። ጉዳዩ የፓኪስታን ሲሆን፣ ቀኖቹን ሁሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ጄኔራል ቃማር ጃቬድ ባጅዋ በኖቬምበር 2016 የምድር ጦሩ ኤታማዥር ሹም ሆነው ተሾሙ። የሦስት ዓመት ዘመናቸው ሊያበቃ ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ ኦገስት 19 ቀን 2019፣ የጠቅላይ ሚኒስትር ኢምራን ካን ጽሕፈት ቤት የአካባቢውን የጸጥታ ሁኔታ ምክንያት አድርጎ ሌላ ሙሉ የሦስት ዓመት ዘመን እንደተጨመረላቸው አስታወቀ። ጭማሪው በራሱ ለፓኪስታን እንግዳ አልነበረም፤ ጄኔራል አሽፋቅ ካያኒም በ2010 እንዲሁ ሦስት ዓመት ተጨምሮላቸዋል። እንግዳው ነገር የባጅዋ ዘመን ሊያልቅ ቀናት ሲቀሩት፣ ኖቬምበር 26 ቀን 2019፣ የሀገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጭማሪውን ማገዱ ነው።

ችሎቱ ሦስት ዳኞች ነበሩት፤ ሰብሳቢው ዋና ዳኛው አሲፍ ሰዒድ ኮሳ ነበሩ። አመልካቹ በዚያው ቀን አቤቱታውን ለማንሣት ጠይቆ ነበር። ፍርድ ቤቱ ግን ጉዳዩ የሕዝብን ጥቅም የሚነካ ነው ሲል ሳይቀበለው ቀረና፣ ሕገ መንግሥቱ በወቅቱ በአንቀጽ 184(3) ይሰጠው በነበረው ሥልጣን መመርመሩን ቀጠለ። ከዚያ በኋላ የወጣው የመንግሥት የአሠራር ጉድለት ለማንም የሕግ ሰው የሚያሳዝን ነው። የሹመት ሥልጣን በጠቅላይ ሚኒስትሩ ምክር የሚሠራበት የፕሬዚዳንቱ ሆኖ ሳለ መጀመሪያ የፈረሙት ጠቅላይ ሚኒስትሩ ነበሩ። ከ25 የካቢኔ አባላት በጽሑፍ የተስማሙት 11 ብቻ ሲሆኑ፣ የቀሩት ዝምታ እንደ ስምምነት ተቆጥሯል። ለጭማሪው መሠረት የተባለው የሠራዊቱ ደንብ አንቀጽ 255ም የሚናገረው ጡረታን ለጊዜው ስለማዘግየት እንጂ ሌላ ሙሉ ዘመን ስለመስጠት አይደለም። መንግሥት ደንቡን በዚያው ቀን ለማሻሻል ተጣደፈ፤ የሕግ ሚኒስትሩ ፋሮግ ናሲምም ለጄኔራሉ ጥብቅና ለመቆም ከሥልጣናቸው ለቀቁ።

ኖቬምበር 28 ቀን ፍርድ ቤቱ ጄኔራሉ ለስድስት ወር እንዲቆዩ፣ መንግሥትም በዚያ ጊዜ ውስጥ ሕግ እንዲያወጣ አዘዘ። ዲሴምበር 16 ቀን የወጣውን ዝርዝር ፍርድ የጻፉት ዳኛ መንሱር አሊ ሻህ ናቸው። ፍርዱ የደረሰበት ዋና ነጥብ በጣም ቀላል ነው፦ የአንድ ጄኔራል የሥራ ዘመን ስንት ዓመት እንደሆነ፣ በስንት ዓመቱ ጡረታ እንደሚወጣ፣ ዘመኑስ ሊራዘም እንደሚችል የሚናገር አንድም ሕግ የለም። የነበረው የሦስት ዓመት ልማድ ነው፤ ልማድ ደግሞ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 243(3) የሚጠይቀውን ሕግ ሊተካ አይችልም።

ጥያቄው ትክክለኛ እንደነበር አምናለሁ። ፍርዱ ጉዳዩን ለሕግ አውጪው ሲመልስ ግን የሚወጣው ሕግ ምን ማሟላት እንዳለበት አንድም መሥፈርት አላስቀመጠም፤ ተከትሎ የመጣው ሁሉ ከዚህ ክፍተት የመጣ ይመስለኛል። በጃንዋሪ 2020 ሁለቱ ምክር ቤቶች በሁለት ተከታታይ ቀናት ሕጉን አጸደቁ፤ ትልልቆቹ ተቃዋሚ ፓርቲዎችም ደገፉት። ሕጉ ዘመኑን ሦስት ዓመት፣ ጭማሪውን እስከ ሦስት ዓመት፣ የዕድሜ ጣሪያውን 64 ካደረገ በኋላ፣ ሹመቱም ሆነ ጭማሪው በማንኛውም ፍርድ ቤት፣ በማንኛውም ምክንያት ጥያቄ ሊነሣበት አይችልም የሚል አንቀጽ ጨመረ። የእናንተን አስተያየት እፈልጋለሁ።

ጡረተኛው ሻምበል

የሕጉን ነገር ለእናንተ ለባለሙያዎቹ ትቼ፣ በሠራዊት ውስጥ ለኖረ ሰው ይህ ጉዳይ ምን ማለት እንደሆነ ልናገር። የአዛዥ ዘመን ሲራዘም ሰዎች የሚያዩት አንዱን ሰው ነው። በየማዕረጉ ያለው መኮንን ግን የአገልግሎት ወይም የዕድሜ ገደብ አለበት። ከላይ ያለው ቦታ ለሦስት ዓመት ካልተለቀቀ፣ በእነዚያ ዓመታት ተራው ሊደርሰው ይችል የነበረው ሌተና ጄኔራል ጊዜው አልፎበት ይሰናበታል፤ እሱን ሊተካ የነበረውም ሜጀር ጄኔራል እንደዚያው ባለበት ይቀራል። ጉዳቱ እስከ ኮሎኔሉ ድረስ ይወርዳል። እነዚህ ሰዎች በየትኛውም የፍርድ መዝገብ ውስጥ ስማቸው አይገኝም፤ አቤት ለማለትም ልማዳቸው አይፈቅድላቸውም።

በዚህ ምክንያት ቋሚ ዘመን እንዲኖር አጥብቄ እደግፋለሁ። ሆኖም የሀገር ሠራዊት አዛዥ ነገ አዛዥ ይሁን አይሁን ሳይታወቅ ሦስት ቀን በችሎት መክረሙን ልቀበለው አልችልም። ጠላት ባለበት ድንበር ላይ ትእዛዝ የሚጠብቀው ወታደር ፍርዱን በቴሌቪዥን መከታተል የለበትም። ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን በኦገስት ወይም በሴፕቴምበር መያዝ ነበረበት።

የማታ ተማሪ

ለጥቁር ካባ ጥያቄ አለኝ። ፍርድ ቤቱ ጭማሪው ሕጋዊ መሠረት እንደሌለው ካረጋገጠ፣ ለምን በቀጥታ አልሻረውም? ሕገ ወጥ ብሎ ያመነበትን ነገር ለስድስት ወር እንዲቀጥል መፍቀድ እርስ በርሱ የሚጋጭ አይመስልዎትም?

ጥቁር ካባ

መጀመሪያ ሻምበል ስላነሡት ነጥብ። ስለ ቀኖቹ ያሉት ትክክል ነው፤ እግዱ የተሰጠው በጣም ዘግይቶ መሆኑን እኔም አልወደድኩትም። ስለ ታችኞቹ መኮንኖች የጻፉትን ግን በየትኛውም የሕግ ጽሑፍ እንዲህ ተብራርቶ አላየሁትም። አንድ እውነተኛ ምሳሌ ልጨምርበት፦ ባጅዋ በኖቬምበር 2022 ሲሰናበቱ የተተኩት ጄኔራል አሲም ሙኒር በሌተና ጄኔራልነት የነበራቸው ጊዜ የሚያልቀው ቦታው ከመለቀቁ ከሁለት ቀን በፊት ነበር። ሹመቱ ኖቬምበር 24 ቀን ባይታወጅ ኖሮ በጡረታ ሊሰናበቱ ነበር። የአንድ ሠራዊት አመራር በሁለት ቀን ልዩነት ሊቀየር የሚችል ከሆነ፣ የጡረታ ቀን የሚወሰንበት ሕግ ቀላል ጉዳይ አለመሆኑ ግልጽ ነው።

ወደ የማታ ተማሪ ጥያቄ ስመለስ፣ ፍርድ ቤቱ ዝም ብሎ ስድስት ወር አልሰጠም። በዝርዝር ፍርዱ ላይ፣ ሕጉ በተባለው ጊዜ ካልወጣ የሦስት ዓመቱ ልማድ ከኖቬምበር 29 ቀን 2016 ጀምሮ ተቆጥሮ ተፈጻሚ እንደሚሆንና ፕሬዚዳንቱ በጠቅላይ ሚኒስትሩ ምክር አዲስ ኤታማዥር ሹም እንደሚሾሙ አስፍሯል። ስለዚህ መንግሥት ዝም ቢል ውጤቱ የጄኔራሉ ስንብት ነበር። ዳኞቹ ቦታውን ባዶ ከማድረግ ተቆጥበው መንግሥት ሕግ ለማውጣት እንዲገደድ ያደረጉበት መንገድ በመሆኑ እርስ በርሱ ይጋጫል አልልም። ድክመቱ ሌላ ነው፤ የጊዜ ገደብ ሰጡ እንጂ የይዘት ገደብ አልሰጡም። ጭማሪ የሚፈቀደው በጦርነት ጊዜ ብቻ ነው፣ ወይም ምክንያቱ በጽሑፍ ይገለጽ፣ ወይም ከአንድ ጊዜ በላይ አይሆንም ሊሉ ይችሉ ነበር።

ከፑኔ የተመለሰ

ሕግ የተማርኩት ሕንድ ስለሆነ የጎረቤቲቱን ጉዳይ ላንሣ፤ እዚያ ችግሩ በተቃራኒው በኩል ነው። በሕንድ የምድር ጦር ኤታማዥር ሹም የሚያገለግለው ሦስት ዓመት ወይም 62 ዓመት እስኪሞላው፣ ከሁለቱ ቀድሞ የደረሰው ድረስ ነው። ደንቡ ግልጽ በመሆኑ ክርክሩ ያረፈው በራሱ በዕድሜው ላይ ነበር።

የጄኔራል ቪ. ኬ. ሲንግ የትውልድ ቀን በሠራዊቱ ሁለት መዝገቦች ተለያይቶ ተጽፏል፤ በአንዱ ሜይ 10 ቀን 1950፣ በሌላው ሜይ 10 ቀን 1951። የትምህርት ማስረጃቸው 1951 ሲል፣ በወጣትነታቸው ለወታደራዊ አካዳሚው መግቢያ የተሞላው ቅጽ 1950 ይላል። ልዩነቱ አንድ ዓመት ቢሆንም የሚወስነው ነገር ግን ትልቅ ነው፤ በ2012 ይሰናበታሉ ወይስ በ2013፣ እሳቸውንስ ማን ይተካል? መከላከያ ሚኒስቴር ዲሴምበር 30 ቀን 2011 ቅሬታቸውን ውድቅ ሲያደርግባቸው በጃንዋሪ 2012 መንግሥትን በጠቅላይ ፍርድ ቤት ከሰሱ። በሥራ ላይ ያለ የሕንድ ጦር አዛዥ መንግሥትን ሲከስ ያ የመጀመሪያው ነበር።

ፌብሩዋሪ 10 ቀን ጉዳዩ በዳኛ ሎዳና በዳኛ ጎካሌ ፊት ቀረበ። ችሎቱ ሁለቱንም ወገኖች ገሠጸ ማለት ይቻላል። መንግሥት ቅሬታውን ያየበት ሂደት ፍትሐዊ እንዳልነበረ ስለታየ የዲሴምበሩን ውሳኔ አነሣ። ለጄኔራሉ ደግሞ፣ የሚመረመረው በእርግጥ መቼ ተወለዱ የሚለው ሳይሆን በአገልግሎት መዝገብ የሚታወቀው የትኛው ነው የሚለው እንደሆነ፣ ወደ ላይኞቹ ማዕረጎች ሲያድጉም 1950ን በደብዳቤ መቀበላቸው ተነገራቸው። አቤቱታቸውን አንሥተው ሜይ 31 ቀን 2012 ጡረታ ወጡ፤ ጄኔራል ቢክራም ሲንግ ተተኩ።

ከዚህ የምወስደው ነገር፣ ሕጉ ቁርጥ ያለ ቁጥር ሲያስቀምጥ ዳኞች ስለ ሀገር ጸጥታ ወይም ስለ ሰውየው ብቃት ለመናገር እንደማይገደዱ ነው። መዝገቡን አይተው ወሰኑ። በ2024 መንግሥት ለጄኔራል ማኖጅ ፓንዴ አንድ ወር ሲጨምርላቸውም በሠራዊቱ ደንብ ውስጥ አስቀድሞ የነበረ አንቀጽ ጠቅሶ ነው። ፓኪስታን የጎደላት ይህ ነበር።

ቨርጂኒያ ነዋሪ

እዚህ አሜሪካ ሠራዊቱ ውስጥ የሚያገለግሉ የእኛ ልጆች እየበዙ ስለሆነ፣ በዕድሜ ምክንያት የሚደረግ አድልዎን የሚከለክለው ሕግ ይጠብቀናል ወይ የሚል ጥያቄ በተደጋጋሚ እሰማለሁ። በ1967 የወጣው ይህ ሕግ ዕድሜያቸው 40 የሞላ ሠራተኞችን የሚጠብቅ ቢሆንም፣ የይግባኝ ፍርድ ቤቶች ዩኒፎርም ለለበሱ የሠራዊት አባላት እንደማይሠራ በተከታታይ ወስነዋል። በሠራዊቱ መሥሪያ ቤቶች የሚሠሩ ሲቪሎች ግን በሕጉ ይጠበቃሉ። ስለዚህ በአንድ ሕንፃ ውስጥ አጠገብ ለአጠገብ ከሚሠሩ ሁለት ሰዎች አንዱ ሊከስ ይችላል፤ ሌላው አይችልም። የመኮንኖች የጡረታ ጣሪያ በጥቅሉ 62፣ የጄኔራሎችና የአድሚራሎች 64 ሲሆን፣ ፕሬዚዳንቱ ለከፍተኞቹ እስከ 68 ሊያዘገዩት ይችላሉ። ይህ ሁሉ በምክር ቤት በወጣ ሕግ የተጻፈ በመሆኑ በአዛዡ ላይ ጥያቄ ሲነሣ መልሱ ከመጽሐፉ ይገኛል።

የአውሮፓ ኅብረትም በ2000 ባወጣው የሥራ እኩልነት መመሪያ አባል ሀገራት በዕድሜና በአካል ጉዳት ረገድ ሠራዊታቸውን ከመመሪያው ውጭ እንዲያደርጉ ፈቅዷል።

የሐዋሳዋ ጠበቃ

ውይይቱ ሁሉ ስለ ጄኔራሎች ሆነ። የቋሚ ዘመን ሕግ ከሁሉ በላይ የሚጎዳው ግን ዝቅ ባለው ደረጃ ያለውን ሰው ነው። በስፔን በ2006 የወጣው ሕግ ቋሚነት ያላገኙ ባለ ረጅም ውል ወታደሮች 45 ዓመት ሲሞላቸው ከሠራዊቱ እንዲወጡ ያዛል። ከዚያ በኋላ በሲቪል ሥራ ገበያ ውስጥ በ45 ዓመት ከዜሮ መጀመር ምን እንደሚመስል ለማንም መናገር አያስፈልግም።

በሕንድም ሴት መኮንኖች ለብዙ ዓመታት በአጭር አገልግሎት ውል፣ ቢበዛ ለ14 ዓመት ብቻ ሲያገለግሉ ኖረዋል። ጡረታ ለማግኘት 20 ዓመት ያስፈልጋል። ወንድ ባልደረቦቻቸው ወደ ቋሚ አገልግሎት ሲሻገሩ እነሱ ግን ያለ ጡረታ ይሰናበቱ ነበር። የዴሊ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2010 ፈረደላቸው፤ መንግሥት ይግባኝ ብሎ ጉዳዩ አሥር ዓመት ተጎተተ። በፌብሩዋሪ 2020 የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኛ ቻንድራቹድና ዳኛ ራስቶጊ የሴቶችን አካላዊ ተፈጥሮና የወንድ ወታደሮችን አስተሳሰብ ምክንያት ያደረገውን የመንግሥት ክርክር ውድቅ አድርገው፣ ቋሚ አገልግሎት እንዲፈቀድላቸው አዘዙ።

ከዚያም በኋላ አላለቀም፤ ለእኔ ከሁሉ የሚያሳስበኝም ይህ ነው። ሠራዊቱ ፍርዱን ሲያስፈጽም ሴቶቹን በአንድ የጤና መለኪያ መዘናቸው። ወንዶቹ በዚያ መለኪያ የተመዘኑት ከአምስተኛ እስከ አሥረኛ የአገልግሎት ዓመታቸው፣ በወጣትነታቸው ነበር። ሴቶቹ ግን ዕድሉ ለዓመታት ተከልክለው ቆይተው፣ ብዙዎቹ 40 ዓመት ካለፋቸው በኋላ በዚያው መለኪያ ተመዘኑ። በማርች 2021 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይህ ቀጥተኛ ባይሆንም አድልዎ ነው ብሎ ወሰነ። ሕጉ በቃሉ ለሁሉም አንድ ነበር፤ የደረሰው ግን በተለያየ ዕድሜ ነው። ስለ ዕድሜ ገደብ የሚነሣ ክስ ሁሉ በዚህ ፍርድ መታየት አለበት እላለሁ፤ ቁጥሩ ብቻ ሳይሆን ቁጥሩ ሰውየው ላይ የሚደርስበት ጊዜም መጠየቅ አለበት።

ጡረተኛው ሻምበል

እህቴ፣ ያልሽው በትክክል ገብቶኛል። የጤና ምርመራ ቦርድ ፊት የቆመ ሰው ያውቀዋል።

መውጣት የሚፈልግንም አትርሱ። በምሥራቅ አፍሪካዊቷ ዩጋንዳ ጄኔራል ዴቪድ ቲንዬፉዛ በ1996 ለፓርላማ ኮሚቴ ሠራዊቱን የሚነቅፍ ምስክርነት ሰጥተው ከተወቀሱ በኋላ ለቅቄያለሁ ቢሉ፣ መንግሥት በደንቡ መሠረት ካልተፈቀደልዎት አልለቀቁም አላቸው። የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ፈረደላቸው፤ በ1998 ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሻረው። የሥራ ዘመን ካልተወሰነ አዛዡ ያለ ገደብ ሊቆይ እንደሚችል ሁሉ፣ መኮንኑም ያለ ፈቃዱ ሊቆይ ይችላል።

የማታ ተማሪ

ፍርድ ቤት አያየውም የሚለው የ2020 አንቀጽ በእርግጥ ዳኞችን ያስራል? ሕገ መንግሥት የሰጠውን ሥልጣን ተራ ሕግ እንዴት ይነጥቃል?

ጥቁር ካባ

በመርህ ደረጃ አይነጥቅም። አንቀጽ 184(3) የሕገ መንግሥት ሥልጣን በመሆኑ የምክር ቤት ሕግ ሊዘጋው አይችልም ብሎ መከራከር ይቻል ነበር፤ እኔም በዚያው እከራከር ነበር። በተግባር ግን ነገሮች በሌላ አቅጣጫ ሄዱ። በኖቬምበር 2024 ምክር ቤቱ የሦስቱን ኃይሎች አዛዦች ዘመን ከሦስት ወደ አምስት ዓመት አሳደገው፤ የ64 ዓመቱ ጣሪያም በዘመናቸው ውስጥ እንዳይመለከታቸው አደረገ። በኖቬምበር 2025 ደግሞ 27ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ወጣ። የጦር ኃይሎች አዛዥ የሚባል አዲስ ሹመት ፈጠረ፤ የፊልድ ማርሻልነት ማዕረግ የያዘ ሰው ማዕረጉን ዕድሜ ልኩን እንዲይዝ ደነገገ፤ የሕገ መንግሥት ጉዳዮችንም ከጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አውጥቶ አዲስ ለተቋቋመ ፌዴራል የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ሰጠ። በ2019 ያንን ፍርድ የጻፉት ዳኛ መንሱር አሊ ሻህ በዚሁ ማሻሻያ ምክንያት ሥልጣናቸውን ለቀቁ።

የሐዋሳዋ ጠበቃ ያነሣችው መንገድ ግን አሁንም ክፍት ይመስለኛል። በአዛዡ ጭማሪ ላይ በቀጥታ መክሰስ ቢከለከልም፣ አዛዡ ሳይለቅ በመቆየቱ ዘመኑ ያለፈበት ሌተና ጄኔራል በራሱ ስንብት ላይ አቤቱታ ቢያቀርብ፣ የክሱ ምክንያት የእሱ ጡረታ እንጂ የአዛዡ ሹመት አይደለም። የ2020ው ሕግ የሚዘጋው የኤታማዥር ሹሙን ሹመትና ጭማሪ የሚመለከተውን ክስ ነው። ሻምበል እንዳሉት መኮንኖቹ አቤት የማለት ልማድ የላቸውም፤ አንዱ ደፍሮ ቢጠይቅ ግን አቤቱታውን በዚህ መልክ እጽፍለት ነበር።